በበጋ የተለካ ሐይቅ

ውድ ወንድሜ፣

አልጠፋሁም። ከሁሉ በፊት ይህን አርመው። ማክሰኞ ጠዋት ከቤቴ ስወጣ የት እንደምሄድ አውቅ ነበር፤ የሄድሁትም እዚያው ነው። አላለቀስሁም። በሰው ትከሻም አልወጣሁም፤ በሰባ ሰባት ዓመቴ ትከሻው ላይ የሚያወጣኝ ሰው ቢገኝ ወገቡ የሚያዘው እሱ ነው። ጫማዬን ጥዬ በባዶ እግሬ ስዞር የተገኘሁም አይደለም። የግራ እግሬ ጫማ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ነበር፤ ጎንበስ ብዬ በእጄ አወጣሁት፤ አለቅልቄ አደረግሁት። መወራቱ ካልቀረ በትክክል ይወራ።

ለቤተ ዘመዱ «እትዬ ረግረግ ውስጥ ስትንከራተት ተገኘች፤ ቤቷ የት እንደሆነ እንኳ መናገር አቃታት» ብለህ ያወራኸው አንተ መሆንህን ከልጅህ ሰምቻለሁ። አትቆጣት። ልትደብቀው ሞክራ ነበር፤ ግን እሷ ልትዋሽ ስትል ጆሮዋ ይቀላል፤ ይህን ካንተ አልወረሰችም። ትናንት ከሥራዋ በቀጥታ መጣች፤ የመድኃኒት ቤት ጋውኗን እንኳ አላወለቀችም። የሳምንቱ ቀናት የተጻፉበት፣ ሰባት ክፍል ያለው የኪኒን ሳጥን አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች።

«ይኸ ምንድን ነው?» አልኋት።

«ቀኑ እንዳይምታታብሽ ነው፣ አክስቴ።»

«እኔ ኪኒን አልወስድም።»

«ወደፊት ምናልባት ከወሰድሽ ብዬ ነው።» ከዚያ ሳጥኑን እያየች፣ «አርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መጥቼ እወስድሻለሁ። ሐኪም ቤት ቀጠሮ ተይዞልሻል» አለችኝ።

«ምኔን አሞኝ?»

«ምንም አላመመሽም። ጥያቄ ብቻ ነው የሚጠይቁሽ። ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው፣ ከመቶ ላይ ሰባት ሲቀነስ ስንት ነው፣ እንዲህ እንዲህ ያለ።»

«ዘጠና ሦስት። ቀጥሎ ሰማንያ ስድስት። ቀጥሎ ሰባ ዘጠኝ። ቀጠሮውን የያዘው ማን ነው?»

«አባዬ።»

«አርብን የመረጠውስ?»

ጆሮዋ ቀላ። «እሱው ነው። ሐሙስም ክፍት ነበር፤ አይሆንም፣ አርብ ነው መሆን ያለበት አለ። እኔ ምን ላድርግ፣ አክስቴ?»

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። አርብ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ማዘጋጃ ቤቱ በሐይቁ ዕቅድ ላይ ተቃውሞ መቀበሉን ያቆማል። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ወረቀት አይታይም፤ የጭነት መኪኖቹ አፈራቸውን መድፋት ይጀምራሉ። ሐኪሙ «እማማ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ ወንድሜ አፌን ያዘጋበት ቀን ነው ብዬ ልመልስለት ነበር ማለት ነው። እንዴት ያለ አሳቢ ወንድም ነው!

የሆነውን ሁሉ ካንተ ጋር ሆነን በቅደም ተከተል እንየው። አንተ የጀመርኸው ከመሐል ነው።

ባለፈው ሳምንት መታወቂያዬን ለማሳደስ ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ነበር። ሰው ሁሉ ወረፋ ሲጠብቅ ስልኩን ያያል፤ እኔ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን አነባለሁ። ልብስ ሰፊዋ አክስታችን ትኖርበት ከነበረው ሰፈር በላይ ያለው ሜዳ በአፈር ተሞልቶ መጋዘን ይሠራበታል የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ካርታም ተያይዞበታል። ካርታው ላይ ሐይቁ የለም፤ ቦታው ነጭ ነው። ከካርታው ሥር ደግሞ ቦታው ደረቅ መሬት መሆኑን፣ በክረምትም ቢሆን የሚያሰጋ ውሃ የማይተኛበት መሆኑን የቀድሞው የቅየሳ ክፍል ኃላፊ ያረጋገጡበት ደብዳቤ አለ። መነጽሬን ጠርጌ ፊርማውን ደግሜ አየሁት። የዚያን ፊርማ ጅራት አላጣውም፤ አንደኛ ክፍል ሳለህ እጅህን ይዤ ያስጻፍሁህ እኔ ነኝ።

ሰኞ ደወልሁልህ። ማስታወስ አቅቷታል ስለተባለ ያልኸኝን ቃል በቃል ልጻፍልህ። «እትዬ፣ እዚያ ሐይቅ የለም። በልጅነትሽ ያየሽውን ከዛሬ ጋር እያምታታሽ ነው። ትንሽ ውሃ ያቁራል፤ ይደርቃል፤ በቃ።» እኔም፣ «ከዝናብ በኋላ ሄደህ አይተኸዋል?» አልሁህ። «ምን ላድርግ ብዬ?» አልኸኝ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎህ ከሆነ፣ አልተቋረጠም። የዘጋሁብህ እኔ ነኝ።

«ምን ላድርግ ብዬ» የሚለው ማን ነው? ዝናቡ ባቆመ ቁጥር አውቶቡስ ተሳፍረን፣ የቀረውን በእግራችን ኩስ ኩስ ብለን አክስታችን ዘንድ ስንሄድ ከቤት ሳይገባ መጀመሪያ ወደ ውሃው ይሮጥ የነበረ ልጅ ነው። በቢላ ምልክት ያደረገበትን ዱላ ውሃው ውስጥ ተክሎ «አራት ጣት ጨምሯል! ካምናው አራት ጣት ጨምሯል!» እያለ መንደሩን ያደነቁር የነበረ ልጅ ነው። «አቶ ሜትር» ያሉህ በዚያ ምክንያት ነው። ሌላው ሰው ሐይቁን ቢረሳው ይቅር እለው ነበር። አንተ ጥልቀቱን በጣት ታውቀው ነበር።

ስለዚህ ማክሰኞ አንድ ሰዓት ላይ ፌርማታው ላይ ቆምሁ። ቦርሳዬ ውስጥ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ሁለት የተቀረጸ እርሳስ፣ ደብተር፣ ዳቦና ውሃ ነበር። የመጀመሪያው አውቶቡስ እስከ መናኸሪያው ወሰደኝ። ሁለተኛው ትንሽ ነው፤ መስኮቱ አይዘጋም፤ ትኬት የምትቆርጠው ሴት ድምፅ ግን ከሞተሩ ይበልጣል።

«እማማ፣ የት ልጣልዎት?»

«አልጣልም፤ እወርዳለሁ። ሐይቁ ጋ።»

«የቱ ሐይቅ?»

ሹፌሩ ወደ ኋላ ሳይዞር፣ «መጥቷል እኮ፤ አላየሽውም እንዴ? መንገዱ ጠርዝ ሊደርስ ምንም አልቀረው» አላት።

«ውይ፣ እሱን ነው እንዴ? እኔ እኮ ሐይቅ ሲሉኝ መርከብ ያለበት መስሎኝ!» ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። «ከመጨረሻው ፌርማታ ወዲያ በእግር ነው፣ እማማ። ደግሞ ጭቃ ነው። የሚደግፍዎት ሰው አልያዙም?»

«ጃንጥላ ይዣለሁ።»

«ጃንጥላ ምን ያደርጋል?»

«ካንዳንድ ወንድም ይሻላል።»

«እሱስ እውነትዎን ነው፤ የኔን ወንድም ባወቁት!» አለችና ስወርድ ክንዴን ይዛ አወረደችኝ። ያንተ ወሬ «በሰው ትከሻ» ያለው ምናልባት ይህን ይሆናል።

ከፌርማታው እስከ ውሃው አንድ ሺህ ስድስት መቶ አርባ እርምጃ ነው። የኔ እርምጃ ዛሬ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ ኮሪደሬ ውስጥ ለክቼ ስለወጣሁ ርቀቱን አስልተህ ማረም ትችላለህ። መንገዱ ጎማ ጠጋኙን አልፎ፣ የትምህርት ቤቱን የሽቦ አጥር ይዞ ይሄድና ወደ ጭቃ ይገባል። አጥሩ ሲያልቅ የአፈር ክምር አየሁ። ቀይ አፈር፤ ከኔ ቁመት ይበልጣል። አርባ ሦስት ክምር ቆጠርሁ። ገና ካልተፈቀደ ሥራ ማን ነው ይህን ያህል አፈር የሚያስመጣ? የሚፈቀድለት መሆኑን የሚያውቅ ሰው ነው። ይህን የሚያውቀው ደግሞ ያንተን ፊርማ ስለያዘ ነው። እዚያው ቆሜ ጃንጥላዬን አንዱ ክምር ላይ ሰካሁት። ሰው አላየኝም እንጂ ቢያየኝ ኖሮ ያን ጊዜ እውነትም አብዳለች ቢል አልፈርድበትም።

ከክምሮቹ ወዲያ ሐይቁ ነበር።

ምን ብዬ ልጻፍልህ? አንተ ታውቀዋለህ። ከአጥሩ እስከ ማዶው ኮረብታ ሥር ድረስ ተኝቷል። የኤሌክትሪክ ምሰሶዎቹ ውሃ ውስጥ ቆመዋል፤ ጥላቸው ቁልቁል እንደነሱ ረዝሟል። ደንገሉ አረንጓዴ ሆኖ ዳር ዳሩን ይዟል። ዳክዬው ብዛቱ አይነገርም፤ ሲነሣ አንድ ላይ ይነሣል፤ ሲያርፍ ደግሞ ሊጣላ የመጣ ይመስላል። ካርታህ ላይ ነጭ በሆነው ቦታ መሐል አንድ ሽመላ ቆሞ እንቁራሪት ይውጣል። የፈረምኸውን ደብዳቤ አላነበበም መሰለኝ።

ወደ ውሃው ስገባ ነው ጫማዬ የተያዘው። «ኧረ በዚያ አይግቡ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አንዲት ሴት ደንገል እያጨደች ነበር፤ አምሳ ዓመት ይሆናታል፤ ቀሚሷን ሰብስባ ወገቧ ላይ ሸጉጣዋለች። ምንጣፍ እየሠራች ነው የምትኖረው። ጫማዬን ሳወጣ ቆማ አየችኝና፣ «ከመሥሪያ ቤት ነዎት?» አለችኝ።

«ነበርሁ። ጡረታ ወጥቻለሁ።»

«እና አሁን ትዝ አልናችሁ?» ማጭዷን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። «እነሱ የሚመጡት በበጋ ነው። ያንን ባለ ሦስት እግር መለኪያ ተሸክመው ይመጣሉ፤ ከበርሜላችን ውሃ ለምነው ይጠጣሉ፤ ከዚያ ውሃ የለም ብለው ጽፈው ይሄዳሉ። ውሃው ሲመጣ የመጣ ሰው እርስዎ የመጀመሪያዋ ነዎት።»

«አፈሩን ሲሞሉበት ምን ታደርጋላችሁ?»

«እኛማ ምን እናደርጋለን? ውሃው ምን እንደሚያደርግ ይጠይቁ እንጂ። በየዓመቱ መምጣቱ አይቀርም። መኝታውን ከያዙበት እኛ ቤት መጥቶ ይተኛል።» በእጇ ከሜዳው በታች ያሉትን ቤቶች አሳየችኝ። የአክስታችን ቤት ጣሪያው ታድሷል፤ በረንዳው ላይ ሦስት ሕፃናት ተቀምጠው ነበር።

ሜትሩን ይዛልኝ ለካን። እኔ እስከ መጀመሪያው ምሰሶ ገባሁ፤ አርባ ሦስት ሴንቲ ሜትር። ከዚያ ወዲያ አላስገባ አለችኝና ሦስተኛው ምሰሶ ድረስ ራሷ ሄዳ ደንገል ተክላ ምልክት አድርጋ መጣች፤ አንድ ሜትር ከአሥራ ሁለት። ማዘጋጃ ቤት የተለጠፈው ካርታ ላይ ሐይቁ እንደሌለ ነግሬያት ቀኑንና ሰዓቱን ጽፌ አስፈረምኋት። ፊርማዋን ስትጨርስ ቀና ብላ፣ «ግን እናቴ፣ ያንን ካርታ የሣለው ሰውዬ ዓይን አልነበረውም እንዴ?» አለችኝ።

ስምህን ልነግራት ነበር። ነገር ግን የጠየቀችኝ ስለ ለካው ሰው አልነበረም። የሣለውን ነው የጠየቀችኝ። የሣልሁት እኔ ነኝ።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ፣ ወንድሜ፣ እውነቴን ነው የምልህ፣ ይህን ነገር ያንተ ጥፋት ብቻ አድርጌ ነበር የያዝሁት። አውቶቡሱ ውስጥ ሆኜ ስድቡን ስመርጥልህ ነው የሄድሁት። እዚያ ውሃ ውስጥ ቆሜ ግን ያን ካርታ የሠራንበት ቀን መጣብኝ። አንተ ቀያሽ ነበርህ፤ እኔ ፎቅ ላይ፣ ባለ መስተዋቱ ጠረጴዛ ላይ ካርታ ነዳፊ። መኪና ጭቃ አያልፍም ተብሎ ቅየሳው ሁሉ በበጋ ይሠራ ነበር፤ ክረምቱን ደግሞ በበጋ የተለካውን ስንስል እንከርማለን። ይህን የሚያህል ቂልነት ዓመት ከዓመት እየሠራን አንዳችንም ቂልነት ነው አላልንም። ደንቡ አንድ ነው፤ የመስክ መዝገቡ ላይ የሌለ ነገር አይነደፍም። መዝገብህን ይዤ ወደ ጠረጴዛህ ወረድሁ።

«እዚህ ጋ ሐይቁስ?»

«በሄድሁበት ቀን ደረቅ ነበር።»

«እኔና አንተ አናውቀውም እንዴ?»

«እትዬ፣ የምጽፈው የማውቀውን ሳይሆን የለካሁትን ነው። ደግሜ ልሂድ ብል መኪና ማን ይሰጠኛል?»

ዓመቱን ሙሉ ለማይቆይ ውሃ የሚሆን ምልክት ነበረን፤ የተቆራረጠ ሰማያዊ መስመር። ብዕሩን ሰማያዊ ቀለም ሞልቼው ነበር የወረድሁት። የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ወደ ላይ ተመልሼ ምን አደረግሁ መሰለህ? ቀለሙን ደፋሁ፤ ብዕሩን አጠብሁ፤ አድርቄ ሰቀልሁት። በልጅነቴ መስመር ባሳለፍሁ ቁጥር ጣቴን በማስመሪያ የመታችኝ አስተማሪ ደንብ ማክበር እውነት መናገር ነው ብላ አሳድጋኝ ነበርና፣ ደንቡን አከበርሁ። ካርታው አንድ ነጠብጣብ እንኳ የለበትም ተብሎ ለአዳዲስ ነዳፊዎች ምሳሌ እንዲሆን ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ በዚያ ንጹሕ ወረቀት ኮርቻለሁ። ንጹሕ ያደረግሁት ሐይቅ ሰርዤ ነው።

ይህን ለሴትየዋ ነገርኋት። «እና አሁን ምን ሊያደርጉ ነው?» ብቻ አለችኝ። ይቅርታም አላደረገችልኝም፤ አልሰደበችኝምም። መሰደብ ይሻለኝ ነበር።

በመጣሁበት መንገድ ተመለስሁ። ሱቋ ደጃፍ የተቀመጠችው ጎረቤቴ ጫማዬን አየች፤ ለልጅህ ደወለች፤ ልጅህ ላንተ ነገረች። እስከዚያ ድረስ ወሬው «እትዬ ጭቃ ረግጣ መጣች» ነበር። የቀረውን የጨመርኸው አንተ ነህ፤ የመስክ መዝገብ ላይ የሌለ ነገር መጨመር የምትችል መሆንህን ያኔ ባውቅ ኖሮ!

አሁን ልዩነታችንን ልንገርህ። ያኔ ሁለታችንም ተሳሳትን። ወጣቶች ነበርን፤ አለቆቻችንን እንፈራ ነበር። ባለፈው ወር የፈረምኸው ግን ስሕተት አይደለም። ሰባ ሁለት ዓመትህ ነው፤ አለቃ የለብህም፤ መኪና ባይሰጡህ አውቶቡስ አለ፤ እኔ ሄጄ አይቼዋለሁ። ስሜ እንዳይነሣ ብለህ ነው። የቅየሳው ኃላፊ ሐይቅ ሳያይ ቀረ እንዳይባል፣ ሐይቁ እንዳልነበረ እንዲሆን መረጥህ። ሐይቁን ለማጥፋት ወረቀት በቃህ። እኔ አይቼው ስመጣ ግን እኔንም ማጥፋት ግድ ሆነብህ። ሞተች እንዳትል በየቀኑ ከሱቅ ዳቦ ስገዛ ሰው ያየኛል፤ ስለዚህ አበደች አልህ።

አንድ ሌላ ነገርም ልጨምር፤ ዛሬ ካልጻፍሁት አልጽፈውም። አንተ ኃላፊ በሆንህ ቀን አቅፌህ «ደስ ብሎኛል» አልሁህ። ግማሹ እውነት ነበር። ለቅየሳ ሥራ ስንወዳደር በፈተናው የበለጥሁህ እኔ ነበርሁ፤ ውጤቱን ሁለታችንም አይተነዋል። «ሴት መስክ አትወጣም» ሲሉ አንተ እዚያው ተቀምጠህ ነበር፤ አንድ ቃል አልተናገርህም። እኔም ታናሼ ነው ብዬ ዋጥሁት። ሠላሳ ዓመት ያንተን መዝገብ እያየሁ ሳሠምር፣ በተሳሳትህበት ቦታ በእርሳስ ነጥብ እያደረግሁ ማንም ሳያይ እመልስልህ ነበር። ስምህ ዛሬ ንጹሕ የሆነው በኔ ላጲስ ጭምር ነው። ያን ሁሉ ስሠራ አእምሮዬ ደኅና ነበር። ሐይቅ አየሁ ስል ታመመ?

ልጅህን ይህን ሁሉ አልነገርኋትም። አባቷ ነህ። የኪኒን ሳጥኑን ግን አልመለስሁላትም፤ መርፌና ቁልፍ ለይቼ አስቀምጬበታለሁ።

ነገ ጠዋት በመጀመሪያ የማደርገውን ልጻፍልህ፤ ተደብቄ የምሠራው ነገር የለኝም። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እነሣለሁ። ልጅህ በሦስት ሰዓት ስትመጣ በከንቱ እንዳታንኳኳ፣ «ማዘጋጃ ቤት ነኝ፤ ደኅና ነኝ፤ ወደ ሥራሽ ሂጂ» ብዬ በሬ ላይ ወረቀት እለጥፋለሁ። በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣና ይህን ደብዳቤ በበርህ ሥር አስገባለሁ፤ ደወሉን አልነካም። ከዚያ ማዘጋጃ ቤቱ ድረስ በእግሬ እሄዳለሁ። ማመልከቻውን ዛሬ ጽፌ ጨርሻለሁ፤ ልኬቱም፣ የሴትየዋ ፊርማም ተያይዟል። «ስሕተቱን የሠራው» በሚለው ሥር መጀመሪያ የሰፈረው የኔ ስም ነው፣ ከነሥራዬ። ያንተ ሁለተኛ ነው። ደብዳቤህን በራስህ እጅ ለመሳብ ከፈለግህ መስኮቱ የሚከፈተው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። እኔ በሁለት ሰዓት ተሰልፌ እገኛለሁ። ለሌላ ሰው ወረፋ አልይዝም፤ ከመጣህ ከኋላ ትሰለፋለህ።

ታላቅ እህትህ